ያረጀ ሞተር ሂሳብ፦ የመንገደኛ ባቡሮች የናፍጣ ሎኮሞቲቮቻቸውን መቼና እንዴት እንደሚለውጡ

ለምክር ቤታችን አባሎች የምድር ባቡር ነገር እንግዳ ወሬ አይደለም። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ጀምሮ የአገራችን ነጋዴ ቡናውንና ቆዳውን ሲያወርድ፣ ጨርቁንና ብረቱን ሲያስመጣ፣ ራሱም በመንገደኛ ፉርጎ ተሳፍሮ ገበያውን ሊያይ ሲመላለስ የኖረው በዚሁ ሐዲድ ነው። ሆኖም ስለ ባቡር ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የሐዲዱ ርዝመት፣ የድልድዩ ብዛት፣ የጣቢያውም ውበት ነው። ባቡሩን ስለሚስበው ሞተር፣ ይልቁንም ያ ሞተር ሲያረጅ ስለሚመጣው ወጪ የሚጽፍ ጥቂት ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ይህን ይመለከታል።

በጅቡቲው ሐዲድ ላይ መጀመሪያ ይሠራ የነበረው የእንፋሎት ሞተር ነው። የእንፋሎት ሞተር ውሃ ካላጠጡት አይንቀሳቀስም፤ ከአዋሽ ወዲያ እስከ ጅቡቲ ያለው አገር ደግሞ ውሃ የሚቸግርበት በረሃ ነው። ስለዚህ በ1940ዎቹ ዓ.ም. በስዊስና በፈረንሳይ ፋብሪካዎች የተሠሩት የናፍጣ ሎኮሞቲቮች በመጡ ጊዜ ለኩባንያው ታላቅ ዕረፍት ሆነለት። እነዚህና በኋላ የተጨመሩት የናፍጣ ሞተሮች መንገደኛውንም ጭነቱንም ሲስቡ ብዙ ዘመን አገለገሉ። ነገር ግን ተተኪ ሳይዘጋጅላቸው አረጁ፤ ሐዲዱም አብሯቸው አረጀ። የአውሮፓ ኅብረት በሰጠው ገንዘብ የተጀመረው የአሮጌው መስመር እድሳት ሳይፈጸም ቀረ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ይሄድ የነበረውም የመንገደኛ ባቡር በ2000 ዓ.ም. ግድም ቆመ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ ለሕዝብ አገልግሎት መስጠት የጀመረው ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በመካከሉ 10 ዓመት ያህል ለገሃር ከነስሙ ጣቢያ ሆኖ ቀረ እንጂ መንገደኛ የሚሳፈርበት ባቡር አልነበረውም።

ይህ ክፍተት በሂሳብ መዝገብ ላይ በአንድ መስመር ተጽፎ አይገኝም። በአውቶቡስ የሄደው የመንገደኛ ብዛት፣ በየጣቢያው ፍራፍሬና ዳቦ ትሸጥ የነበረችው ሴት ያጣችው ገቢ፣ የተዘጋው ሆቴል፣ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠው መካኒክ፣ ይህ ሁሉ ያረጀውን ሞተር በጊዜው ያለመለወጥ ዋጋ ነው። ለመሆኑ በጊዜው መለወጥ ማለት መቼ ነው? ሌሎች አገሮችስ ይህን ጥያቄ እንዴት መለሱት?

ወደ ሌሎች አገሮች ከመሻገሬ በፊት ጥያቄው በእኔ ዘንድ እንዴት እንደ ተነሣ መግለጥ ይገባኛል። የምሠራው በአንድ የንግድ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ነው። ቤቱ ሁለት ያረጁ የጭነት መኪናዎች አሉት። የመለዋወጫ ዕቃ መዝገብ በእጄ ስለሆነ ለአንዱ መኪና የተገዛው ፒስቶን፣ ለሌላው የተገዛው ራዲያተር በየቀኑ ሲጻፍ ኖሯል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመዝገቡ ላይ አንድ አዲስ ረድፍ ጨመርሁ፤ ርእሱም «የቆመበት ቀን» ይባላል። መኪናው ጋራዥ ውስጥ የዋለበትን ቀን ሁሉ በዚያ ስጽፍ ከቆየሁ በኋላ፣ ለዕቃ ከወጣው ገንዘብ ይልቅ በቆመበት ቀን የታጣው የጭነት ኪራይ በልጦ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የባቡር ኩባንያዎች ይህን ነገር እንዴት እንደሚቈጥሩት ለማወቅ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ቆየሁ።

በመጀመሪያ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ምን እንደ ሆነ ባጭሩ እናስታውስ። ብዙ ሰው የናፍጣው ሞተር እንደ መኪና በማርሽ ተያይዞ መንኰራኵሩን የሚያዞረው ይመስለዋል። በአብዛኞቹ ትላልቅ ሎኮሞቲቮች ግን እንዲህ አይደለም። የናፍጣው ሞተር የሚያዞረው ጄኔሬተር ነው፤ ጄኔሬተሩ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ ኤሌክትሪኩም በየመንኰራኵሩ ዘንግ ላይ ወደ ተገጠሙት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ሄዶ ባቡሩን ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ማለት የራሱን የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተሸክሞ የሚዞር ባቡር ነው። ይህን ማወቅ የሚያስፈልገው ስለ መለወጥ በሚነሣው ክርክር ውስጥ ዋናው ነገር ስለሆነ ነው፤ ማመንጫውን ብቻ አውጥቶ በአዲስ መተካትና አካሉን፣ መንኰራኵሩንና የነጂውን ክፍል እንዳለ ማቆየት ይቻላልና።

የመንገደኛ ባቡር ሎኮሞቲቭ ደግሞ ከጭነቱ የተለየ ሸክም አለበት። ከመሳብ ሌላ ለፉርጎዎቹ መብራት፣ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ የሚሆነውን ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ እርሱው ነው። የጭነት ባቡር ሞተሩ መንገድ ላይ ቢቆምበት ሲሚንቶው አይጮህም። የመንገደኛ ባቡር ሲቆም ግን ብዙ መቶ ሰው በጨለማና በሙቀት ውስጥ ይቀራል፤ ሕፃን ያለቅሳል፤ በማግሥቱም ወሬው ከተማውን ይሞላል። ስለዚህ የመንገደኛ ሎኮሞቲቭ በዕድሜ ሳይሆን በታማኝነት ይመዘናል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዕድሜው ነገር ራሱ አሳሳች ነው። ሞተር እንደ ሰው ልደቱ ተቈጥሮ አርጅቷል አይባልም። ፒስቶኑና ሲሊንደሩ በየጊዜው ይታደሳሉ፤ መንኰራኵሩ ይለወጣል። የማይታደሰው ሌላ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦው ልባስ በሙቀት ብዛት ይደርቅና ይሰነጠቃል። አካሉን ዝገት ከውስጥ ይበላዋል። ከሁሉ የከፋው ግን ፋብሪካው ያንን ዓይነት ዕቃ መሥራት ያቆመ ዕለት ነው። ከዚያች ቀን በኋላ ያለው ዘዴ አንዱን ሎኮሞቲቭ አቁሞ እያረዱ የሌላውን ጉድለት መሙላት ነው። 10 ሞተር የነበረው ድርጅት በመዝገብ 10፣ በሐዲድ ላይ ግን 6 ይኖረዋል። የእኛም ቤት ሁለት መኪና አለው ይባላል እንጂ አንዲቱ የሌላይቱ የዕቃ ግምጃ ቤት ከሆነች ሰንብታለች።

አሁን ወደ እንግሊዝ አገር እንሻገር፤ በዚያ ያለው ታሪክ ለትምህርት የሚበቃ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ የእንግሊዝ ምድር ባቡር በኵርባ ላይ ጎኑን እያዘነበለ በፍጥነት የሚያልፍ እጅግ ዘመናዊ ባቡር ለመሥራት አሰበ። ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ እንደሚፈጅ የገባቸው መሐንዲሶች ግን እስከዚያው ድረስ የሚያገለግል፣ በሚያውቁት ጥበብ የሚሠራ የናፍጣ ባቡር እናዘጋጅ አሉ። ኢንተርሲቲ 125 የተባለው ባቡር የተወለደው እንዲህ ነው። በፊትና በኋላው አንዳንድ የሞተር ፉርጎ አለው። እያንዳንዱ 2,250 የፈረስ ጉልበት ያለው ፓክስማን ቫሌንታ የተባለ ሞተር ተገጥሞለታል፤ ፍጥነቱም በሰዓት 200 ኪሎሜትር ነው። ሁለት ሞተር መሆኑ ለፍጥነት ብቻ አልነበረም። አንዱ ቢታመም ሌላው ባቡሩን ወደ ቤቱ ያደርሰዋል። በ1976 ከለንደን ወደ ብሪስቶልና ወደ ደቡብ ዌልስ ሥራ ጀመረ። እስከ 1982 ድረስም 197 የሞተር ፉርጎዎች ተሠሩ።

ዋናው የታሰበው የሚያዘነብለው ባቡር በ1981 ታኅሣሥ ወር ሕዝብ ጭኖ ቢሞከር በብልሽት ምክንያት ተዋረደ፤ ጥቂት ቆይቶም ተተወ። ለጊዜው ተብሎ የተሠራው ግን 40 ዓመት አለፈው። ለጊዜው ተብሎ የተሠራ ነገር ሁሉ እንዲህ አይበረታም፤ ይህኛው የበረታው መሐንዲሶቹ የማያውቁትን ነገር ስላልሞከሩበት ይመስለኛል።

ባቡሮቹ 25 ዓመት ሲሆናቸው ጥያቄው መጣ። የቫሌንታው ሞተር ይጮኻል፣ ያጨሳል፣ ውሃም እያፈሰሰ ይግላል፤ ለጥገናውም የሚወጣው ገንዘብ በዝቷል። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ምድር ባቡር ለግል ኩባንያዎች ተከፋፍሎ ነበር። የሚያስገርመው ባቡሩን የሚነዳው ኩባንያ የባቡሩ ባለቤት አለመሆኑ ነው። ባለቤቶቹ አከራዮች ናቸው፤ ነጂው ኩባንያ ከመንግሥት በተሰጠው ውል ለጥቂት ዓመታት ተከራይቶ ይሠራ ነበር። ውሉ ለጥቂት ዓመት የሆነ ሰው ደግሞ 30 ዓመት የሚያገለግል አዲስ ባቡር ለመግዛት ምን ያተጋዋል? ቤት ተከራይቶ የሚኖር ሰው ጣራ እንደማይለውጥ ያለ ነገር ነው። ስለዚህ መካከለኛው መንገድ ተመረጠ። ከ2005 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት ውስጥ አሮጌው ሞተር እየወጣ በአብዛኞቹ ላይ ኤምቲዩ የተባለው የጀርመን ሞተር ገባ። አካሉ፣ መንኰራኵሩና ፉርጎዎቹ እንደ ነበሩ ቀሩ። የመጨረሻው ቫሌንታ በ2010 ከመንገደኛ አገልግሎት ወጣ።

ይህ ሥራ ተሳክቷል። ጭሱ ቀነሰ፤ በመንገድ ላይ መቆሙም ቀነሰ፤ ባቡሮቹ ሌላ 10 ዓመት ያህል በዋናዎቹ መስመሮች ላይ ሠሩ። ያረጀን መኪና ሞተር አስለውጦ ብዙ የሠራበት ነጋዴ በመካከላችን ስላለ ይህን ለማመን አይቸግረንም።

ሆኖም የዚህን ዘዴ ወሰን ያሳየ አንድ አሳዛኝ ነገር አለ። ነሐሴ 12 ቀን 2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በስኮትላንድ ካርሞንት በተባለው ስፍራ ከከባድ ዝናብ በኋላ ጎርፍ ያመጣው ድንጋይ ሐዲዱን ሸፍኖት ሳለ፣ ከእነዚሁ ባቡሮች አንዱ ደርሶ ከሐዲዱ ወጣ። ነጂው፣ ተቈጣጣሪውና አንድ መንገደኛ ሞቱ። የአደጋው መነሻ ባቡሩ አልነበረም፤ በአግባቡ ያልተሠራ የጎርፍ ማስወገጃ ነው። መርማሪዎቹ ግን ሌላም ነገር ጨምረው ጻፉ። ባቡሩ ስለ ግጭት መከላከያ የወጣው ደንብ ከመጻፉ አስቀድሞ የተሠራ መሆኑን አስታውሰው፣ በዘመኑ ደንብ የተሠራ ባቡር ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ የሚቀንስ ይመስላል አሉ። አዲስ ሞተር የተገጠመለት አሮጌ አካል አሮጌ አካል ነው። እኔ በመዝገቤ ላይ ይህን የምጽፍበት ረድፍ የለኝም፤ በየትኛው ብር ይተመናል?

በዋናዎቹ መስመሮች ላይ የኢንተርሲቲ 125 ቦታ የተተካው ሂታቺ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በሠራቸው ባቡሮች ነው። የመጀመሪያው ባቡር በጥቅምት ወር 2017 ከብሪስቶል ወደ ለንደን መንገደኛ ጭኖ ሲሄድ ዘገየ፤ ይባስ ብሎም ከማቀዝቀዣው ውሃ በመንገደኛው ራስ ላይ ፈሰሰ። ጋዜጦች ሳቁበት። በግንቦት 2021 ደግሞ በአካላቸው ላይ ስንጥቅ ስለ ተገኘ ለምርመራ ለጥቂት ቀን ከሥራ እንዲወጡ ተደረገ። አዲስ ማለት እንከን የሌለበት ማለት አለመሆኑን እኛም በየጊዜው ሣጥኑ ተከፍቶ ከሚወጣው ዕቃ እናውቃለን።

ለነጋዴ የሚጠቅመው ግን የውሉ አጻጻፍ ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። መንግሥት ባቡሮቹን በጥሬ ገንዘብ ገዝቶ አልተረከበም። ሂታቺና ባልደረቦቹ ያቋቋሙት ድርጅት ባቡሮቹን ሠርቶ፣ ባለቤትነቱን ይዞ፣ ጥገናውንም ራሱ እያከናወነ ለ27 ዓመት ተኩል በየማለዳው ተዘጋጅተው እንዲቀርቡ ተዋዋለ። ነጂው ኩባንያ የሚከፍለው በዕለቱ ለሥራ ተዘጋጅቶ ለቀረበለት ባቡር ነው፤ ባቡሩ ጋራዥ ውስጥ ቢውል ክፍያው ይቀነሳል። እንግዲህ «የቆመበት ቀን» የተባለው ረድፍ ከገዢው መዝገብ ወደ ሻጩ መዝገብ ተዛወረ ማለት ነው። ሻጩ ዕቃውን ደኅና አድርጎ መሥራት የራሱ ጥቅም ይሆንበታል፤ ምክንያቱም የሚበላሸውን የሚጠግነው ራሱ ነው። እርግጥ ነው፣ ይህ አገልግሎት በርካሽ አይገኝም፤ ለሻጩ የተዛወረው ሥጋት ሁሉ በዋጋው ውስጥ ተመልሶ ይገባል። ቢሆንም እኔ በዚህ ዓይነት ውል የገዛ ሰው ሌሊት ይተኛል ባይ ነኝ።

በዚያው በእንግሊዝ አገር ሌላም ትምህርት አለ። ከለንደን ወደ ምዕራብ የሚሄደው መስመር በኤሌክትሪክ እንዲሠራ ታስቦ ስለ ነበረ ከአዲሶቹ ባቡሮች ከፊሎቹ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄዱ እንዲሆኑ ታዝዘው ነበር። የሽቦው ሥራ ወጪ ግን ከታሰበው ከ3 እጥፍ በላይ ሆነ፤ በ2016 አንዳንዱ ክፍል እንዲዘገይ፣ በ2017 ከካርዲፍ እስከ ስዋንሲ ያለው ጨርሶ እንዲቀር ተወሰነ። ስለዚህ ለዚያ መስመር የታዘዙት ባቡሮች ሁሉ ከወለላቸው ሥር የናፍጣ ሞተርም ተገጠመላቸው፤ ሽቦ ባለበት በሽቦ፣ በሌለበት በናፍጣ ይሄዳሉ። ብልሃቱ ጥሩ ነው፤ ግን ባቡሩ በሽቦው ሥር ሲሄድ የማያስፈልገውን የናፍጣ ሞተር ተሸክሞ ይሄዳል። ሱቁ ሳይሠራ ዕቃው ቀድሞ የመጣበት ነጋዴ ይህን ዓይነት ወጪ ያውቀዋል።

አሜሪካኖች የመረጡት መንገድ ቀጥተኛ ነበር፤ ስለዚህ ረጅም ነገር አያስፈልገውም። አምትራክ የተባለው የመንገደኛ ባቡር ድርጅታቸው ረጅሙን መንገድ ይሄድባቸው የነበሩት የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ከ1996 እስከ 2001 በጄኔራል ኤሌክትሪክ ፋብሪካ የተሠሩ ናቸው፤ ብዛታቸው 207 ነበር። አገሩ ሰፊ፣ መስመሩም በአብዛኛው ሽቦ የሌለው ስለሆነ ናፍጣን በናፍጣ ለመተካት ወሰኑ። በታኅሣሥ 2018 ከሲመንስ ጋር ለ75 ሎኮሞቲቮች በ850 ሚሊዮን ዶላር ተዋዋሉ፤ ኋላም 50 ተጨምሮ 125 ሆነ። ሎኮሞቲቮቹ የሚሠሩት በካሊፎርኒያ በሳክራሜንቶ ከተማ ነው። የመጀመሪያዎቹ በየካቲት 2022 ከቺካጎ ወደ ፓስፊክ ባሕር ዳርቻ በሚሄደው ባቡር ላይ ሥራ ጀመሩ። ድርጅቱ እንዳስታወቀው አዲሶቹ ከጭሳቸው ውስጥ የናይትሮጅን ኦክሳይዱን ከ89 በመቶ በላይ፣ ጥላሸቱን ደግሞ 95 በመቶ ይቀንሳሉ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። 850 ሚሊዮኑን ለ75 አካፍሎ የአንዱ ሎኮሞቲቭ ዋጋ ይህ ነው የሚል ሰው ይሳሳታል። በገንዘቡ ውስጥ የብዙ ዓመት የመለዋወጫ ዕቃና የቴክኒክ ርዳታ ውል አብሮ ተካትቷል። ይህ ቀላል ነገር መስሎ የሚያልፈው ሰው ብዙ ነው። ማሽን ሲገዛ ዋጋውን እስከ መጨረሻው ሳንቲም የሚከራከር፣ ስለ መለዋወጫው ግን «እሱ በኋላ ይታያል» ብሎ የሚፈርም ነጋዴ አይቻለሁ። በኋላ ሲታይ የውጭ ምንዛሪ ፈቃድ ይጠበቃል፤ ዕቃው በመርከብ ይመጣል፤ ጉምሩክ ይቆያል፤ ማሽኑ ቆሞ ይጠብቃል። አሜሪካኖቹ አሮጌዎቹንም ቢሆን በአንድ ቀን አላሰናበቱም፤ አዲሶቹ በገቡ ቍጥር አሮጌዎቹን እያፈራረቁ ነው የሚያወጧቸው። በልምምድ ዘመን አዲሱ ቢያጠፋ የሚሸፍን አሮጌ መኖር አለበትና።

ይህን ሁሉ ይዘን ወደ ራሳችን ሐዲድ ስንመለስ፣ የእኛ መልስ ከሁለቱም የተለየ እንደ ነበረ እናያለን። እኛ ሞተሩን አልለወጥንም፤ ሎኮሞቲቩንም ብቻ አልለወጥንም፤ መስመሩን በመላ ለወጥነው። አሮጌው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፤ አዲሱ 1 ሜትር ከ435 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ከአሮጌዎቹ ሎኮሞቲቮች አንዱ እንኳ ወደ አዲሱ መስመር ተሻግሮ ሊያገለግል አይችልም፤ እንደ አሜሪካኖቹ እያፈራረቁ መለወጥ የማይቻል ሆነ። የድሬዳዋው የጥገና ሥራ ቤት ለስንት ዘመን ያከማቸው የእጅ ሙያም ለናፍጣና ለጠባቡ ሐዲድ የተማረ ሙያ ነበርና በአዲሱ ላይ እንዳለ ሊሠራበት አልቻለም።

ኤሌክትሪክ መመረጡን ግን እኔ አልነቅፍም። ናፍጣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው፤ ኤሌክትሪካችን ግን ከወንዞቻችን ይመነጫል። የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ማመንጫውን ተሸክሞ ስለማይዞር ፒስቶን፣ ሲሊንደር፣ የነዳጅ ፓምፕ የለውም፤ የሚበላሸውም የዚያኑ ያህል ያነሰ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ከዚያው ይመጣል። የናፍጣው ባቡር የከተማው መብራት ቢጠፋ ግድ የለውም፤ የኤሌክትሪኩ ግን ሽቦው ኃይል ካጣ ከነመንገደኛው ባለበት ይቆማል። በመስመሩ ላይ የኃይል መቋረጥ ከችግሮቹ አንዱ ሆኖ ሲነገር መቆየቱን አንባቢዎች ታውቃላችሁ።

በእኔ አስተያየት አሁን መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው። እነዚህ በቻይና የተሠሩ ሎኮሞቲቮች ሥራ የጀመሩት በ2010 ዓ.ም. ነው። ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት መስመሩን ያስተዳድሩት የነበሩት የቻይና ኩባንያዎች ሥራውን በ2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ሰዎች አስረክበዋል። እንግዲህ የመለዋወጫው መዝገብ በእኛ እጅ ነው። የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ፒስቶን ባይኖረውም ኤሌክትሮኒክስ አለው፤ ኤሌክትሮኒክስ ደግሞ ከብረት ይልቅ ፈጥኖ ያረጃል፤ የሚያረጀው በመበላሸት ብቻ አይደለም፣ ፋብሪካው ያንን ዓይነት ሰሌዳ መሥራት በማቆሙም ነው። የእንግሊዞቹ 25ኛ ዓመት ድንገት የመጣ መስሎ ይታይ እንደሆነ እንጂ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ እየመጣ ነበር። የትኛው ዕቃ በስንት ዓመቱ እንደሚያልቅ፣ ሠሪው እስከ መቼ እንደሚሸጠው፣ በግምጃ ቤት ስንት እንዳለ፣ ሎኮሞቲቮቹም በዓመት ስንት ቀን እንደ ቆሙ ከአሁኑ የተጻፈ መዝገብ ካለ የለገሃሩ ዓይነት የ10 ዓመት ዝምታ አይደገምም። ንግድ ምክር ቤታችንም በዚህ መስመር ዕቃ የሚልኩና የሚሳፈሩ አባሎቹን ወክሎ ይህን ቢጠይቅ ከሥራው ውጪ የገባ አይባልም፤ የቆመ ባቡር ኪሳራው በመጨረሻ የሚደርሰው እኛው ጋ ነውና።

እንግሊዞቹ ከዋናው መስመር ካወጧቸው ከኢንተርሲቲ 125 ባቡሮች ከፊሎቹን ለሙዚየም ሰጡ፤ ሌሎቹን አፈረሱ፤ ጥቂቶቹም ለሜክሲኮ ተሸጠው በ2023 ውቅያኖስ ተሻገሩ። አሮጌ ሞተር በጊዜው ከተሸጠ ገዢ አያጣም።

ይህን ጽሑፍ ለአዘጋጁ ከመላኬ በፊት ለአለቃዬ አሳየኋቸው። እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ ስለ እንግሊዝም ስለ አሜሪካም አንዳች አልተናገሩም። «የቆመበት ቀን» ያለበትን መዝገብ አምጣልኝ አሉኝ። አመጣሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው የሁለተኛይቱን መኪና ገጽ ከላይ እስከ ታች በጣታቸው እየተከተሉ ቈጠሩና፣ «ለመሆኑ ይህችን አሁን የሚገዛ ይገኛል?» ሲሉ ጠየቁኝ።